በአልፕስ የበረዶ ግግር ላይ መንገድ ሲነድፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሌላ ሰው የጂፒኤስ ዱካ አውርዶ «መንገዴን ነድፌያለሁ» የሚል ሰው ገና ምንም አልነደፈም። ዱካ ማለት አንድ ሰው በአንድ ቀን የረገጠው መስመር ነው። በየትኛው ወር እንደሆነ፣ በረዶው ምን ያህል ወፍራም እንደነበረ፣ ሰውዬው በስኪ ይሁን በእግሩ ያለፈው፣ ዱካው አይናገርም። በኤፕሪል በስኪ የሚያልፍ ሰው ከሥሩ ስንጥቅ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይሻገራል፤ የብርዱ ወራት በረዶ ወፍራም ነው፣ ስኪውም ክብደቱን ይበትንለታል። ያንኑ መስመር በኦገስት በክራምፖን (ጫማ ሥር በሚታሰር የብረት ጥርስ) የሚከተለው ምስኪን የሚያገኘው ወይ አፉን የከፈተ ገደል ነው፣ ወይ ከላይ ነጭ መስሎ ከታች የሳሳ የበረዶ ድልድይ። ገደሉስ ይታያል፤ ሰው የሚበላው ድልድዩ ነው። ስልኩ ግን እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ድረስ «መስመሩን አልሳቱም» እያለ ያጽናናዋል። በዚህ የሚሳሳተው ሰነፍ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ካርታ አጥርቶ የሚያነበውም ሰው ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመር ሲያይ ዓይኑን ከመሬቱ ያነሳል። ዱካ ያውርዱ፣ ግድ የለም፤ ግን መጀመሪያ የራስዎን መስመር በካርታ ላይ ስበው ይጨርሱና ከዚያ ያስተያዩት። የተለያዩበት ቦታ ሁሉ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ሳያገኙ አይውጡ።

የራስን መስመር ለመሳል ግግሩ የት እንደሚሰነጠቅ ማወቅ ይጠይቃል። ግግር በዝግታ ይፈሳል፤ የአልፕስ ረጅሙ ግግር አሌች በኮንኮርዲያ አካባቢ በዓመት ከ100 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ የአምናው ስንጥቅ ዘንድሮ እዚያው ቦታ የለም። የሚወለድበት ቦታ ግን ብዙም አይለወጥም፤ የሚወልደው ከሥር ያለው አለት ነውና። በስዊዘርላንድ 1፡25,000 ካርታ ላይ የግግሩ ኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ሰማያዊ ናቸው፣ በየ20 ሜትር ከፍታ ይሳላሉ። ወደ ታች ሲወርዱ ተራርቀው የነበሩት መስመሮች መጠጋጋት ከጀመሩ በረዶው እዚያ እየተለጠጠ ነው፤ አግድም ይሰነጠቃል። ተጠጋግተው የነበሩት መራራቅ ከጀመሩ ደግሞ ይጨመቃል፤ ስንጥቁ ይገጥማል፣ መስመርዎ በዚያ ቢያልፍ ይመረጣል። ግግሩ በሚታጠፍበት ቦታ የውጭኛው ጎን ይቀደዳል። ዳር ዳሩን ያሉት ስንጥቆች ወደ ላይ ያጋደሉ ናቸውና «ጥጉን ይዤ ልሂድ» ማለት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ቁልቁለቱን በዓይን መገመት ሌላው ነው። ማስመሪያ ያውጡ። በዚሁ ካርታ ላይ አምስት የኮንቱር ክፍተቶች፣ ማለትም 100 ሜትር ከፍታ፣ 7 ሚሊሜትር ያህል ከያዙ ቁልቁለቱ 30 ዲግሪ ነው፤ 4 ሚሊሜትር ከያዙ 45። የበረዶ ናዳ የሚነሳው በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በላይ ካለ ተዳፋት ነው። የሚለካውም የሚረግጡት ቦታ ብቻ ሳይሆን ከራስዎ በላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ነው።

የካርታውን ዕድሜ አለማየት። የኮንኮርዲያ የተራራ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1877 ሲሠራ ግግሩ ቅርቡ ነበር። ዛሬ በረዶው ስለወረደ ከግግሩ እስከ ደጃፉ ከ400 በላይ የብረት ደረጃ ተተክሏል። ደረጃው በቀኑ መጨረሻ፣ ጉልበት ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው፤ በሰዓት ሂሳብ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካልያዙለት እንግዲህ ራት ያልፍዎታል። በየማረፊያው ሥር፣ ግግሩና አለቱ በሚለያዩበት ቦታ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ አሮጌ ካርታ «ሜዳ» የሚለው ዛሬ ልሙጥ ገደልና ልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። የአየር ፎቶውን ያመሳክሩ፣ ፎቶው የተነሳበትን ዓመትም ያንብቡ።

በከፍታ መኩራት የእኛ አገር ሰው ስህተት ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ የስዊዘርላንዱ ዩንግፍራው 4,158። ራስ ዳሸን የወጣ ሰው እግሩም ሳንባውም ይመሰገናል፤ ስለ ስንጥቅ ግን ምንም አልተማረም።

አሁን ሰዓት። ጀማሪ ሁሉ ከመነሻ ወደ ጫፍ ይቆጥራል። ግግር ላይ የሚቆጠረው ከመመለሻው ወደ ኋላ ነው፤ ምክንያቱም ጠዋት የጠነከረው ድልድይ ረፋዱ ላይ ይላላል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ በሰዓት 300 ሜትር ሽቅብ፣ 500 ሜትር ቁልቁል፣ 4 ኪሎ ሜትር አግድም፤ ከአግድሙና ከከፍታው የሚበልጠውን ሰዓት ይያዙ፣ የትንሹን ግማሽ ይጨምሩ። የበርን አልፕስ ቁንጮ የሆነውን ፊንስተራርሆርንን (4,274 ሜትር) እንውሰድ። ማረፊያው 3,048 ሜትር ላይ ነው። እስከ ሁጊሳተል በር (በሸንተረሩ ላይ ያለ መተላለፊያ፣ 4,088) ያለው ሽቅብ 1,040 ሜትር፣ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አግድሙ 4 ኪሎ ሜትር ቢባል ግማሽ ሰዓት ይጨምራል፤ 4 ሰዓት። ከዚያ እስከ ጫፍ ያለው አለታማ ሸንተረር በዚህ ቀመር አይገዛም፣ ለብቻው አንድ ሰዓት ይመድቡለት። ገመድ ለማሰር፣ ክራምፖን ለመጫንና ውሃ ለመጠጣት 45 ደቂቃ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተነሳ ጫፍ የሚደርሰው ጠዋት 2፡45 ላይ ነው። 20 ደቂቃ አርፎ፣ ሸንተረሩን ወርዶ በሩ ላይ ሲደርስ 4 ሰዓት። ከበሩ በታች ያለውን ግግር ጨርሶ ፍሩሽቱክፕላትስ የሚባለው ቦታ (3,616) ሲደርስ 5 ሰዓት አልፏል። በሞቃት ቀን ከግግሩ ለመውጣት የወሰኑት ገደብ 5 ሰዓት ከሆነ ዕቅዱ ገና ማረፊያው ውስጥ ሳሉ ወድቋል፤ መነሻው 8 ሰዓት ተኩል መሆን አለበት። ቡድኑ በሰዓት 250 ሜትር የሚወጣ ከሆነማ ከዚያም ይቀድማል። ደግሞ ማረፊያው ሰሌዳ ላይ «ቁርስ 3፡00» የሚለው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ማለት ነው። ዕቅድዎን በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ።

የመንደሩን የአየር ትንበያ አይቶ መውጣት። የሚፈለጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው በስንት ሜትር ከፍታ እንደሆነና ሌሊቱ ጥርት ያለ ወይም ደመናማ መሆኑ። አየሩ በየ100 ሜትር 0.65 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ዜሮው 4,000 ላይ ከሆነ 3,000 ላይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ በረዶው ሙቀቱን ወደ ላይ ለቆ አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ እንኳ ፊቱ ይቆረፍዳል፣ ማለትም ረግቶ ይጠነክራል። ደመና ከተከደነበት አይቆረፍድም። ያኔ በሌሊት መነሳትም አያድንም።

በሌሊት መነሳት ከተንጠለጠለ የግግር ግድግዳም አያድንም። ግድግዳው በፈለገው ሰዓት ይናዳል። በጁላይ 3 ቀን 2022 በጣሊያን ማርሞላዳ፣ ሰው በሚመላለስበት ተራራ፣ የግግሩ አካል ተገንጥሎ 11 ሰዎች ገድሏል። ከግድግዳው ሥር የሚያልፍ መስመር ግድ ከሆነ ምግብም ልብስ መቀየርም ከዚያ በፊት ይለቅ።

ሁለት ሆኖ ግግር ላይ መውጣት ስህተት ነው ባይባልም፣ በሦስት ሰው ልክ በገመድ መታሰር ግን ስህተት ነው። ለሁለት ሰው በመካከል 13 ሜትር ያህል፣ ገመዱ ላይ ቋጠሮዎች፤ ከ50 ሜትሩ ገመድ የቀረው ለሁለት ተከፍሎ በየቦርሳው ይገባል፣ የወደቀው የሚጎተተው በእሱ ነውና። ጉዞው ስንጥቁን አቋርጦ ይሁን፤ ጎን ለጎኑ ከሄዱ ሁላችሁም በአንድ ስንጥቅ አናት ላይ ናችሁ።

መመለሻ ያልተጻፈበት ዕቅድም አለ። በኤፕሪል 2018 መጨረሻ በሻሞኒና ዜርማት መካከል ባለው ኦት ሩት በተባለ የስኪ መንገድ፣ ማዕበል የያዛቸው ስኪ ተጓዦች ከቪኜት ማረፊያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀው አደሩ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። በጭጋግ ውስጥ በሩ አይታይም፣ ማረፊያውም አይታይም። ስለዚህ የእያንዳንዱን በር፣ የማረፊያውንና የመታጠፊያውን መጋጠሚያ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ከቤት ሳይወጡ መሣሪያው ውስጥ ይክተቱ፣ በወረቀትም ይያዙ። የስዊዝ ቁጥር በ2 እና በ1 የሚጀምሩ ሁለት ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥሮች ነው፤ መሣሪያዎ በዲግሪ ከተሞላ አይገጥምም። «እስከዚህ ሰዓት እዚህ ካልደረስን እንመለሳለን» የሚለውን ደግሞ ቢያንስ ለአንዱ በር ይጻፉ።

ቦታ ሳያስይዙ ማረፊያ መሄድ፣ አያድርጉ።

ሲደውሉም ጠባቂውን «መንገዱ ጥሩ ነው?» አይበሉ፤ «አዎ» ይልዎታል፣ ወሬው በዚያው ያበቃል። «ባለፉት ሦስት ቀናት ማን ወጣ? በስንት ሰዓት ተመለሱ? ድልድዩን በቀኝ ነው ወይስ በግራ ያለፉት? ትናንት ሌሊት ቆረፈደ?» ይበሉት።