ጎንደር ውስጥ ኮሌጅ ልትገቡ ነው? ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን አንብቡ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወደቀ ልጅ መሸሸጊያ አይደለም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም ቁጥሩ ከዚያ አልራቀም። ይህን ሁሉ ልጅ ሰነፍ ማለት አይቻልም። ግን ደግሞ ጓደኛ ስለገባ ብቻ፣ ወይም ቤት ከመቀመጥ ይሻላል ተብሎ ዘው የሚባልበት ቦታ አይደለም። ጊዜያችሁም የቤተሰባችሁም ገንዘብ ያሳዝናል።

ጎንደር ላይ አማራጭ አለ። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ መምህር መሆን ለሚፈልግ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ ወደ ጤናው ለሚያዘነብል ደግሞ ጠዳ ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። የግሎቹም ብዙ ናቸው። እኔ እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ ቴክኒክና ሙያው ነው።

ሙያ ስትመርጡ ስሙን ትታችሁ ወርክሾፑን እዩ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግቢው ድረስ ሂዱ፣ በር ላይ የምታገኟቸውን ነባር ሰልጣኞች አስቁሙና ጠይቁ፦ ማሽኑ ይሰራል? ለስንት ሰው ነው አንዱ? ባለፈው ሳምንት በእጃችሁ ምን ሰራችሁ? መልሱ "ኖት እየጻፍን ነው" ከሆነ አስቡበት። ብየዳ በደብተር አይለመድም።

ቀጥሎ ከተማዋን እዩ። ጎንደር ውስጥ ምን ይሰራል? ባጃጁ ሞልቷል፣ ባጃጅ ደግሞ ይበላሻል፤ ስለዚህ የመኪናና የሞተር ጥገና የሚችል ሰው ስራ አያጣም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ሮቶ እያስተከለ ነው፤ ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታም እንደዚሁ። ሆቴልና ቱሪዝም ደስ የሚል ሙያ ነው፣ ፋሲል ግቢ ያለባት ከተማ ይህን ሙያ ትፈልጋለች። ነገር ግን ጸጥታው ሲደፈርስ እንግዳው ስለሚቀንስ ስራውም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። አካውንቲንግና አይሲቲ ደግሞ ሁሉም የሚጎርፍበት ነው። ከልባችሁ ካልወደዳችሁት ቢቀርባችሁ ይሻላል ባይ ነኝ።

እህቶቼ፣ ኤሌክትሪክና መካኒክ የወንድ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ቁልፍ መያዝና መስመር መፈተሽ ጾታ አይጠይቅም።

ስልጠናው በደረጃ ነው፤ በኮሌጅ በብዛት ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል። በምን ደረጃ እንደምትጀምሩ የሚወስነው ውጤታችሁና በዓመቱ የሚወጣው መቁረጫ ነጥብ ነው። መቁረጫው በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ያለፈው ዓመት ሰልጣኝ የነገራችሁን ነጥብ ይዛችሁ ተስፋ አትቁረጡም፣ አትዘናጉም። የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራሱ ኮሌጁ ሰሌዳ ላይ አንብቡ። ቴሌግራም ላይ "እኔ አስመዘግብሃለሁ፣ ቅድሚያ ላክልኝ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝጉት። ክፍያ ካለ የሚከፈለው በኮሌጁ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው፤ ደረሰኙን ደግሞ እስክትመረቁ አስቀምጡት።

ለምዝገባ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ ያዙ። ሁሉንም ኦሪጅናሉን ከነኮፒው። አንድ ነገር አደራ፦ ስማችሁ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ቤት እያላችሁ አረጋግጡ። በአንዱ ላይ የአያት ስም ተቀይሮ፣ በሌላው የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ተለይቶ፣ ከደባርቅ ወይም ከበለሳ ድረስ መጥቶ ሬጅስትራር በር ላይ የሚመለስ ልጅ ያሳዝናል። የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሩቅ ከሆነና መንገዱ አንዳንዴ የሚዘጋ ከሆነ ወረቀቱን ቀደም ብላችሁ አውጡት።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ጥያቄው ይጨምራል። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለየትኛው ሙያ፣ በየትኛው ደረጃ፣ በየትኛው ካምፓስ የሚለው ይታያል። ስለዚህ "ፈቃድ አለን" ሲሏችሁ "ለእኔ ሙያና ደረጃ የተሰጠውን አሳዩኝ" በሉ። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም እዩ። ደስ ካላላቸው ይቅርባችሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ወላጆችም ይህን አብራችሁ አንብቡት። በመንግሥት ኮሌጅ መደበኛው ስልጠና ከግሉ ጋር ሲተያይ ኪስ አይጎዳም። የማታው በክፍያ ነው። የግሎቹ በብዛት በወር ያስከፍላሉ፤ በራሪ ወረቀታቸው ላይ የሚጽፉትም ወርሃዊውን ብቻ ነው። እናንተ ግን ጠቅላላውን ጠይቁ። ምዝገባው በየስንት ጊዜው ይከፈላል? ስልጠናው ስንት ወር ነው? የተግባር ልምምድ ላይ በምትሆኑባቸው ወራትም ይከፈላል? የብቃት ምዘናው ክፍያ ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ? ቱታው፣ ሴፍቲ ጫማው፣ መፍቻውስ? ይህን ሁሉ ደምራችሁ፣ ለቤተሰብ አሳይታችሁ፣ እስከ መጨረሻው እንችላለን ከተባለ ብቻ ተመዝገቡ። መሃል ላይ ገንዘብ አልቆ ማቋረጥ ከሁሉም ይከፋል።

ከጎንደር ውጪ ለሚመጣ ልጅ ግን ትልቁ ወጪ ኑሮው ነው። ቤት ስትፈልጉ ደላላ ከመያዛችሁ በፊት ነባር ሰልጣኞችን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ደባል የሚፈልግ አይጠፋም። ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መከራየት ኪራዩን ያቀላል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለው ይወደዳል፣ ወደ ዳር ሲወጣ ይረክሳል። ግን የረከሰው ቤት በቀን ሁለት ጊዜ ባጃጅ የሚያሳፍር ከሆነ ሂሳቡ ይገለበጣል፤ የአንድ ቀኑን ትራንስፖርት በወሩ የትምህርት ቀናት አባዙና ከኪራዩ ላይ ደምሩት። በእግር የሚደረስ ቤት ትንሽ ቢወደድም እኔ እሱን እመርጣለሁ። ቤቱን ስታዩ ውሃ በስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ሮቶ እንዳለ፣ መብራት በኪራዩ ውስጥ መሆኑን፣ ማታ በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቁ። የጎንደር ክረምት ኃይለኛ ነው፣ ጣራውንም ቀና ብላችሁ እዩት።

ስንቅ ከቤት ይዞ መምጣትን አትናቁ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ በሶው፣ ቆሎው ከቤት ከመጣ የወሩ ወጪ በግልጽ ይቀንሳል፤ እንጀራ ብቻ ገዝታችሁ ከደባላችሁ ጋር ተራ በተራ ወጥ ስሩ። መንገድ ተዘግቶ ስንቅ የማይደርስበት ጊዜ ስላለ ለዚያ የምትሆን ትንሽ ብር የማትነካ ቦታ አስቀምጡ። ጎን ለጎን መስራት የምትፈልጉ፣ ታችኛ ክፍል ተማሪ ማስጠናት ለጊዜያችሁ ይመቻል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ሆቴልና ምግብ ቤቱ ሰው ይፈልጋል፣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ዋናው፣ ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘናው። ስልጠናውን መጨረስ ብቻውን አይበቃም፤ የብቃት ምዘናውን ማለፍ አለባችሁ። ያስተማራችሁ ሌላ፣ የሚመዝናችሁ ሌላ ነው። የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው፤ ብዙ ልጅ ጽሑፉን አጥንቶ ገብቶ ተግባሩ ላይ እጁ ይታሰራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ወርክሾፕ ውስጥ ከኋላ አትቁሙ። መሣሪያውን ያዙት፣ አበላሽታችሁም ጠግኑት። ካላለፋችሁ ዳግም መመዘን ይቻላል፣ ግን ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። የትብብር ስልጠና፣ ማለትም ስራ ቦታ ላይ የምትሰለጥኑበት ጊዜ፣ ሲደርስም ኮሌጁ እስኪመድባችሁ አትጠብቁ፤ ጥሩ ስራ የሚሰራበትን ጋራዥ ወይም ሆቴል ራሳችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩና ለኮሌጁ ንገሩ። ጠዋት በሰዓቱ የሚገባ፣ እቃ የማይጥል ልጅ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀጠራል።

ስትጨርሱ ቶሎ ክሊራንስ አዙሩ። ከቤተ መጻሕፍት፣ ከወርክሾፕ እቃ ቤት፣ ከፋይናንስ ፊርማ አሰብስባችሁ ጊዜያዊ ዲፕሎማችሁንና ትራንስክሪፕታችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ውጡ። ስራ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚሰጠው ቀን አጭር ነው፣ ያን ጊዜ ወረቀት ፍለጋ ብትሮጡ አይደርስም።