ሞላላ መስኮት ያላትን ቮልስ ከመፍታትዎ በፊት መረጃዋን እንዴት ይይዛሉ?

አሮጌ መኪና ለማደስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው ቁልፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ስለሚሠራውና መፍታቱ ከተጀመረም በኋላ ጎን ለጎን ስለሚቀጥለው ሥራ፣ ማለትም የመኪናዋን ዕቃዎች ከነዝርዝራቸው መዝግቦ ስለመያዝ ነው። ለምሳሌ የወሰድኳት ሁላችንም «ቮልስ» እያልን የምንጠራትን ባለ ኋላ ሞተሯን ቮልስዋገን፣ በተለይም ከማርች 1953 እስከ ጁላይ 1957 የተሠራችውን፣ የኋላ መስታወቷ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነውን ዓይነት ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው ቮልስ የኋላ መስኮቷ በመሐል ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ከእሷ በኋላ የመጣችው ደግሞ ሰፊ አራት ማዕዘን መስኮት አላት። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች መኪና ናት፤ ባለ ሞላላ መስኮቷ ግን ዛሬ በቀላሉ አትገኝም፤ ብትገኝም ያልተነካካች አትሆንም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመኪናዋ ማንነት ይጀምሩ

የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በወለሉ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ዋሻ መሰል ብረት ላይ ተመትቷል። ይኸው ቁጥር ከፊት ክዳኑ ሥር በተመታች ትንሽ ሳህን ላይም ይገኛል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ዲናሞው ከተሸከመበት እግር ሥር በሞተሩ ገላ ላይ ነው። ሦስቱንም አንብበው ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። በዓይን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ በዝገት መሐል 3 እና 8፣ 1 እና 7 ይምታታሉ። ስለዚህ ቦታውን በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ቤንዚን ካጸዱ በኋላ ስስ ወረቀት ለጥፈው እርሳሱን በጎኑ እየፈተጉ ቅጂውን ያንሡ። የብርጭቆ ወረቀት ወይም የሽቦ ብሩሽ ወደ ቁጥሩ አያስጠጉ፤ የተፋቀ የሻንሲ ቁጥር ነገ ስም ሲዛወር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል።

ቁጥሩ በእጅዎ ከሆነ፣ በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ከተማ የሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም ፋውንዴሽን መኪናዋ መቼ እንደተሠራች፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ቀለም እንደነበራትና ወዴት እንደተላከች ከቆዩ መዛግብት ፈልጎ በክፍያ ማስረጃ ይሰጣል። ይህን ማስረጃ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚያዩትን ዕቃ ሁሉ የሚመዝኑት መኪናዋ ከተሠራችበት ቀን አንጻር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ፋብሪካው ከ1955 ጀምሮ የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል መሥራት የሚጀምረው በኦገስት ወር ነበር። ስለዚህ በኦክቶበር 1955 የተሠራች መኪና የ1956 ሞዴል ስትሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ የተሠራችው በ1948 ዓ.ም. ነው። በሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ መለዋወጫ ካዘዙ የማይገጥም ዕቃ መግዛትዎ አይቀርም።

ከነአቧራዋ ፎቶ ያንሡ

ፎቶ ለማንሣት ብለው መኪናዋን አያሳጥቧት። አቧራና ቅባት ራሳቸው መረጃ ናቸው፤ የተነሣ ምልክት የነበረበትን ቦታ፣ ቱቦ ከላሜራ ጋር ሲፋተግ የኖረበትን መስመር፣ ዘይት ከየት እንደሚያፈስ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ከሩቅ በአራቱም ማዕዘን፣ ቀጥሎ ክፍል በክፍል፣ በመጨረሻም እያንዳንዱን ዕቃ ከቅርብ ያንሡ። በቅርብ ፎቶው ውስጥ ማስመሪያ ይግባ፤ መጠን የማይታይበት የብሎን ፎቶ ከዓመት በኋላ ምንም አይነግርዎትም። የተመታ ጽሑፍ ሲያነሡ የእጅ ባትሪውን ፊት ለፊት ከማብራት ይልቅ ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩት፤ ፊደሉ በጥላው ጎልቶ ይወጣል።

ሰዎች የሚዘነጉት ዕቃውን ማንሣት ሳይሆን በዕቃዎች መካከል ያለውን ማንሣት ነው። የፍሬን ቱቦው በየትኛው መያዣ በኩል እንደሚያልፍ፣ የጋዝ ሽቦው ከየትኛው ጎን እንደሚገባ፣ ሮንዴላው ከዳዶው በፊት ይሁን በኋላ፣ ጎማ ማሸጊያው ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ የሚታየው ሳይፈታ ብቻ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ደግሞ ቪዲዮ ይቅረጹ። በዚህች ቮልስ የበር ምሰሶ ውስጥ ተኝታ፣ መታጠፍ ሲፈለግ እንደ ክንድ ብቅ የምትል ባለ መብራት ፍሬቻ አለች፤ ምን ያህል እንደምትነሣና እንዴት እንደምትመለስ በፎቶ ማስረዳት ከባድ ነው።

መዝገቡና መለያው

ወፍራም ሽፋን ያለው አንድ ደብተር ይበቃል። እያንዳንዱ ዕቃ ተራ ቁጥር ይሰጠው፤ ከጎኑ ስሙ፣ የተፈታበት ቦታና ጎን፣ የተፈታበት ቀን፣ ያለበት ሁኔታ፣ የፎቶው ቁጥርና የተቀመጠበት ሣጥን ይጻፍ። «ግራ» እና «ቀኝ» ሁልጊዜ መሪው ላይ ከተቀመጠ ሰው አንጻር መሆናቸውን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ከፊት ቆሞ የሚያየው መካኒክና ከኋላ ሞተር የሚፈታው ባልደረባው ሳይነጋገሩ የሚጋጩት በዚህ ነው። በዕቃው ላይ የሚታሰረው መለያ በእርሳስ ቢጻፍ ይመረጣል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ቤንዚን ሲነካው ሲሟሟ እርሳስ ግን አይለቅም። መለያውንም በሙጫ ሳይሆን በቀጭን ሽቦ ይሰሩት። ብሎኖቹን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ከመቀላቀል ከየመጡበት ዕቃ ጋር በትናንሽ ፌስታል ለይቶ ማሰር፣ ከተቻለም ወደ ቀዳዳቸው መልሶ በእጅ ማጥበቅ የተሻለ ነው።

የፊት እግሮቿ ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በሚገባ ያሳያሉ። በእያንዳንዱ ጎን የላይኛውንና የታችኛውን ክንድ ከጎማው ማያያዣ ጋር የሚያገናኙ ሁለት ፒኖች ሲኖሩ፣ በእያንዳንዱ ፒን ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው 8 ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ። ስምንቱ በማያያዣው በዚህና በዚያ ወገን የሚከፋፈሉት እኩል ለእኩል ሳይሆን፣ የላይኛውና የታችኛው ክንድ አንዱ ከሌላው ምን ያህል ወጣ ብሎ እንደቆመ ተለክቶ ነው፤ የጎማው አቋም የሚስተካከለውም በዚሁ ነው። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ የአራቱንም ፒን ሮንዴላ ሰብስቤ በአንድ ፌስታል ጨመርኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መስለውኝ ነበር። በእርግጥም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የጠፋብኝ ከየትኛው ወገን ስንት እንደነበረ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እየለካሁ፣ እየገጠምኩና እየፈታሁ መለስኩት። በደብተር ላይ ቢሆን ኖሮ «ግራ የላይኛው፣ ውስጥ 5፣ ውጭ 3» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በዚያው በፊት እግር ሌላም የሚመዘገብ አለ። የግራ የፊት ጎማ ኩሽኔታ የሚታሰርበት ዳዶ ጥርሱ ግራ ዞር ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ ሊፈታው የሚታገል ሰው ጭራሽ እያጠበቀው ነው። የፍጥነት መለኪያው ሽቦም የሚነሣው ከዚሁ ከግራ ጎማ መሐል ሲሆን፣ ጫፉን የምትይዘው ቁራጭ ሽቦ ከሁሉም ዕቃ ቀድማ የምትጠፋ ናት።

የኋላ እግር ከዚህም የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪናዋን የሚሸከማት የተለመደው ሞላ ሳይሆን፣ በመጠምዘዝ የሚሠራ ቶርሽን ባር የሚባል ዘንግ ነው። ዘንጉ በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጭኛው ጫፍ 44 ጥርሶች አሉት። በውስጥ አንድ ጥርስ ማሳለፍ 9 ዲግሪ፣ በውጭ አንድ ጥርስ ማሳለፍ ደግሞ 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ገደማ ስለሚያዞር፣ አንዱን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ በማድረግ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ማስተካከያ ማግኘት ይቻላል። መካኒክ ሳያስበው ዘንጉን ጎትቶ ካወጣው ግን መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ትቀራለች። ስለዚህ ከማውጣትዎ በፊት የዘንጉን ጫፍና የያዘችውን ሳህን በነጥብ መምቻ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ሳህኗ ከማቆሚያዋ ወርዳ ጭነት በሌለባት ሁኔታ ያላትን ዘንበል በማዕዘን መለኪያ ይለኩ። መኪናዋ ራሷ በክሪክ ላይ ቀጥ ብላ ላትቆም ስለምትችል፣ የበሩን ደፍ ዘንበል ጨምረው ለክተው ያቀናንሱ። የግራና የቀኝ ዘንጎች ስለማይለዋወጡ በላያቸው የተመታውን ፊደል ይመዝግቡ። ሳህኗ ከማቆሚያው ስትለቅ በኃይል ስለምትወርድ፣ በጃክና በሰንሰለት ሳይያዝ እጅ ማስጠጋት አደገኛ ነው።

ሽቦዎቹ

የኤሌክትሪክ ሽቦ በቀለሙ ብቻ አይመዘገብም፤ ከ70 ዓመት በኋላ ቀዩም ቡኒውም አንድ ይሆናሉ። የጀርመን መኪና ጥሩነቱ መያያዣዎቹ ቋሚ ቁጥር ያላቸው መሆኑ ነው፦ 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት የሚሠራ፣ 31 ወደ ገላው የሚሄድ፣ 50 ለሞተሪኖ፣ 56 ለትልቁ መብራት፣ 61 ለቻርጅ ማሳያዋ። እያንዳንዱን ሽቦ ሲነቅሉ በሁለቱም ጫፍ ላይ ይህንኑ ቁጥር ያስሩበት። ቁጥሩ ከማይጠበቅበት ቦታ ሲገኝ «ስህተት ነው» ብለው አያርሙት፤ እንዳለ ይጻፉት፤ ማረሙ የኋላ ሥራ ነው። ባለ ሞላላ መስኮቷ ከፋብሪካ የወጣችው በ6 ቮልት ስለሆነ፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለው ባትሪ 12 ቮልት ሆኖ ከተገኘ ዲናሞው፣ አምፖሎቹና ቦቢናው አብረው መለወጥ አለመለወጣቸውን አንድ በአንድ ይመርምሩ።

የፋብሪካውን ከተተካው መለየት

ከዚህ ሥራ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ክፍል ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በሦስት ምልክት ይለዩ፦ የፋብሪካ፣ የተተካ፣ ያልተረጋገጠ። ሦስተኛውን ምልክት ለመጠቀም አይፈሩ። ፍንጩ በዕቃው ላይ አለ፦ በፍጥነት መለኪያው ጀርባ፣ በቸርኬው ላይ፣ በቦሽ ዲናሞው ላይ ወርና ዓመት ተመትቶ ሊገኝ ይችላል። ይህ ቀን መኪናዋ ከተሠራችበት ቀን ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት የሚቀድም ከሆነ ዕቃው አብሯት የመጣ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከእሷ የሚያንስ ዕድሜ ካለው ግን ኋላ የተገጠመ ነው። የብሎኖቹንም ራስ ያንብቡ፤ የዘመኑ ቮልስ ብሎኖች «ካማክስ»፣ «ሪቤ» ወይም «ፌርቡስ» የሚል የአምራች ስም ይኖርባቸዋል። ራሱ ልሙጥ የሆነ ብሎን በመሐላቸው ሲገኝ አንድ እጅ ቀድሞ እንደነካው ይገመታል።

ሞተሩም እንዲሁ ነው። እስከ 1953 መጨረሻ ድረስ የነበረው 1131 ሲሲ ሲሆን ከዚያ ወዲህ 1192 ሲሲ ሆኗል። የነዳጅ ጌጅ በዳሽቦርዱ ላይ ካለ ኋላ የተጨመረ ነው፤ ያኔ ቤንዚን ሲያልቅ ሾፌሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ቧንቧ ወደ መጠባበቂያው ያዞር ነበር እንጂ ጌጅ አልነበረም። በአገራችን ለቆየች መኪና ደግሞ በካርቡራተሩ ነዳጅ አሳላፊ ቀዳዳዎች ላይ የተመታውን የመጠን ቁጥር መመዝገብ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ይህን የሚያውቅ የድሮ መካኒክ ቀዳዳውን በአነስተኛው ለውጦት ሊሆን ይችላል። ያ የተተካ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ጥፋት አይደለምና ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ።

ቀለሙና ጨርቁ

በላይ የሚታየው ቀለም ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነው። የመጀመሪያውን ከመስኮት ጎማ ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከቤንዚን ታንኩ ዙሪያ ይፈልጉ። ከሚታይ ቦታ መፈተሽ ካስፈለገ የሳንቲም ስፋት ያህል በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ቀስ ብለው ይሞርዱ፤ የቀለሙ ንብርብሮች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ክብ ክብ ሆነው ይወጣሉ፤ ስቱኮ የተለቀለቀበትም ቦታ ወዲያው ይለያል። ፎቶውን በጥላ ሥር በቀን ብርሃን ያንሡ፤ ከጎኑም ነጭ ወረቀት ያስቀምጡ። የፋብሪካው ቀለም ኮድ ለጥቁር «ኤል 41» ነው፤ ሌሎቹም በዚሁ መልክ ይጻፋሉ። የመቀመጫውን ሽፋን ሲያስገፍፉ ከሥሩ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ ብትገኝ፣ ብትበሰብስም በወረቀት ፖስታ ውስጥ ያስቀምጧት፤ በላስቲክ ውስጥ ከሆነች ትሻግታለች።

ከመኪናዋ የጎደለውን ዕቃ ለማፈላለግ ሶማሌ ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ ሲወርዱ ስሙን ብቻ ይዘው አይሂዱ። በካርቶን ላይ ልኩን ሥለው፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት በሚሊ ሜትር ጽፈው፣ ካለም የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ይዘው ይሂዱ። ጀርመን ወይም አሜሪካ ላለ ዘመድ ሲያዝዙም ይኸው ካርቶን ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። የተሰበረ ዕቃ አዲሱ ተገጥሞ እስኪሠራ ድረስ አይጣል።

ዕቃ ወደ ባቲላሜራ፣ ወደ ቀለም ቤት ወይም ወደ ክሮም ነካሪ ሲወጣ፣ የእያንዳንዱ ተራ ቁጥርና ብዛት በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ ዕቃዎቹ በአንድነት ተደርድረው ፎቶ ይነሡ፤ ተረካቢውም ይፈርም። ሲመለሱ በዚያው ወረቀት ላይ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይረከቡ፤ ብሎንም ቢጎድል ከበሩ ሳይወጡ ይጠይቁ።