ፈሪ አዳኝ ውሻ አዲስ ማሰሪያ ሲጠላ፦ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ዘሯ አዳኝ የሆነ ነገር ግን ጥላዋን የምትፈራ ውሻ አሳድጌአለሁ። ከእርሷ የተረዳሁት፣ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ዕቃውን ሳይሆን ከዕቃው ጋር የመጣውን ድምፅ፣ ጫና ወይም ትዝታ መሆኑን ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ማለማመድ መጀመር ፍርሃቱን ያባብሰዋል።

ምልክት፦ የአንገት ቀበቶውን ገና ሲያይ ሮጦ መደበቅ

መንስኤው ትዝታ ነው። በከተማችን ብዙ ውሾች ቀን ታስረው ሌሊት ስለሚለቀቁ፣ ቀበቶ በእጅዎ ሲገባ ውሻው የሚያስታውሰው መታሰርን ወይም መርፌን ብቻ ነው። አዲሱን ቀበቶ ለጥቂት ቀናት ከምግብ ሳህኑ አጠገብ መሬት ላይ ይተዉት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜም አንስተው ምንም ሳያደርጉበት መልሰው ያስቀምጡት።

ምልክት፦ መቆለፊያው ሲነካ መደንገጥ

እኔን ረጅም ጊዜ ያታለለኝ ይህ ነው። የደረት ማሰሪያው መጠን ልኳ ነበር፤ ሆኖም ባለበስኳት ቁጥር ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣብቃ፣ ከንፈሯን እየላሰች፣ የዓይኗን ነጭ እያሳየች ትንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ማሰሪያውን ለማጠብ ከበስተኋላዋ ሆኜ የሚጣበቀውን ጨርቅ ጭርር አድርጌ ስገነጥለው፣ ሳይነካት ዘልላ ግድግዳ ጥግ ገባች። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ሲሰማ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ ለእኛ ተራ የሆነው ጭርታና ቀጭታ ደግሞ የሚሰማው አንገቱ ሥር፣ ከጆሮው በስንዝር ርቀት ነው።

መፍትሄው ድምፁን ከልብሱ መለየት ነው። ከአምስት ሜትር ያህል ርቀው መቆለፊያውን በጨርቅ ጠቅልለው አንድ ጊዜ ቀጭ ያድርጉ፣ ወዲያውኑም ሥጋ ይስጡ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ሥጋው ከቀደመ ውሻው ሥጋውን ራሱን የድንጋጤ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። ሳይደነግጥ ሲቀር በየቀኑ ትንሽ ይቅረቡ፣ ጨርቁንም ያሳሱ። በጫካ ውስጥ ያለበትን ለማወቅ አንገቱ ላይ ቃጭል ለሚያስሩለት ውሻም እንዲሁ፣ የቃጭሉን ውስጥ በጥጥ ሞልቶ ጥጡን በየቀኑ መቀነስ ይበጃል። ለሽልማት ከልኳንዳ ቤት የተገዛ ጉበት ቀቅለው በባቄላ ፍሬ መጠን ይቁረጡ። የወጥ ትራፊ አይስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ምልክት፦ ከለበሰ በኋላ እንደ ድንጋይ መድረቅ ወይም መተኛት

በመጀመሪያ ብብቱን ይመልከቱ። ፀጉሩ ከተላጠ ወይም ቆዳው ከቀላ ጉዳዩ ፍርሃት ሳይሆን ልክ ያልሆነ ማሰሪያ ነው። በማሰሪያውና በገላው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ልኩ ከሆነ ግን ያስጨነቀው የማያውቀው ጫና ነውና፣ አንድ ደቂቃ አልብሰው እየመገቡት ያውልቁለት። በገመድ መጎተት ፈጽሞ አይገባም።

ምልክት፦ ግቢ ውስጥ ደህና ሆኖ ከበር አልወጣም ማለት

እዚህ ላይ ማሰሪያው ጥፋት የለበትም። ከበሩ ውጭ የታክሲ ረዳት ጩኸት፣ ጡሩምባና የመንገድ ውሾች አሉ። አዲስ ዕቃና አዲስ ቦታ በአንድ ቀን አይገናኙ፤ የመጀመሪያውን መውጫ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ጭር ሲል ያድርጉት። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባሉት ሳምንታት ርችት ስለሚተኮስ ልምምዱን ከዚያ በኋላ መጀመር ይሻላል። የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ እየሸሸ ከደረት ማሰሪያው ሾልኮ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ገመዱን ከአንገት ቀበቶውም ጋር ያያይዙ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያልታደሰ ውሻ ከቶ አይውጣ።

ይህን ሁሉ ሁለት ሳምንት ሞክረው፣ ማሰሪያውን ለብሶ ጉበት እንኳ የማይቀምስ ከሆነ፣ አንገቱን ወይም ጀርባውን ሊያመው ስለሚችል ልምምዱን አቁመው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።