ጠይቀው እስከ 10 ይቁጠሩ
ዕድሜው 2 ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ የተጠየቀውን እንዳልሰማ ሆኖ ዝም ሲል፣ ጥያቄውን ወዲያው ከመድገም ይልቅ ፊቱን እያዩ በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሰማውን ለመረዳትና መልሱን የሚገልጽበትን ቃል ለመፈለግ ከአዋቂ የበለጠ ጊዜ ስለሚያስፈልገው፣ በመሃል የሚደገም ጥያቄ የጀመረውን አስጥሎ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። እኔ መጀመሪያ ላይ እስከ 4 እንኳ መታገሥ አቅቶኝ ነበር፤ ዝምታው የሚረዝመው ለወላጅ እንጂ ለልጁ አይደለም። መልሱ በጣት ጥቆማ ወይም በግማሽ ቃል ቢመጣም አሟልተው ይመልሱለት፤ «ኳ» ካለ «አዎ፣ ቀዩ ኳስ» ማለት ይበቃል። ወደ መንገድ ወይም ወደ እሳት እየሄደ ላለ ልጅ ግን ቆጠራ አይሆንም፤ ፈጥነው ያንሡት። ስሙ ሲጠራ ዘወትር የማይዞር ከሆነም ጆሮውን በሐኪም ማስመርመር ይገባል።