ቢሮ የሚውል ሰው በደም ግፊት ጉዳይ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት ሰፈሩ ድረስ በሚመጣ ሰርቪስ ተሳፍሮ፣ ቢሮው ገብቶ እስከ ማታ ወንበር ላይ ውሎ፣ በዚያው ሰርቪስ ተመልሶ ሶፋ ላይ የሚያርፍ ሠራተኛ በእግሩ የሚሄደው ርቀት ከካፍቴሪያና ከመጸዳጃ ቤት ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለው ሰው በደም ግፊት ጉዳይ የሚሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ይኸውም ከልኬቱ ይልቅ ስሜቱን ማመኑ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት «ግፊት ቢኖርብኝ ራሴን ያመኝ ነበር» ብሎ መቀመጥ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት በአብዛኛው ምንም ምልክት ሳያሳይ የልብን፣ የኩላሊትን፣ የአንጎልንና የዓይንን የደም ሥሮች ለዓመታት ሲጎዳ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸውና ከእነርሱም 46 በመቶው እንዳለባቸው እንኳ እንደማያውቁ አመልክቷል። ራሱን ያመመው ሰው ግፊቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ምንም ያልተሰማው ባልደረባው ደግሞ 170 በ105 (የላይኛው ቁጥር 170፣ የታችኛው 105) ይዞ ስብሰባ ሲመራ ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት በአለካክ ላይ የሚፈጸም ሲሆን፣ ከቁም ነገር ስለማይቆጠር ሰፋ አድርጌ ባነሣው እወዳለሁ። ሊፍቱ ተበላሽቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ የወጣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ሹራቡን ሳያወልቅ አንዱን ክንዱን ዘርግቶ በሌላው እጁ ስልክ ሲያወራ አይቻለሁ። መሣሪያው 152 በ96 አለ፤ ሰውዬውም ፊቱ ተለዋወጠ። ነርሷ ስልኩን አስቀመጠችበት፤ ሹራቡን አስወልቃ፣ ጀርባውን አስደግፋ፣ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት አስረግጣ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ አምስት ደቂቃ በዝምታ ካስቀመጠችው በኋላ ስትለካው 134 በ84 ሆነ። ሰውየው ያው፣ ክንዱም ያው ነው።

ከመለካት በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አለመጠጣት፣ አለማጨስና ስፖርት አለመሥራት፣ ሽንትም ካለ አስቀድሞ መሽናት ያስፈልጋል። ክንዱ ወፈር ያለ ሰው ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ከጠበበው ልኬቱ ከእውነተኛው በላይ ስለሚወጣ ሰፋ ያለ እንዲያደርጉለት መጠየቅ አለበት። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ «ግፊት አለብኝ» ወይም «ነፃ ነኝ» ማለትም ስህተት ነው፤ በጤና ተቋም በተለያዩ ሁለት ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ከፍተኛ የሚባለው። ነገር ግን ልኬቱ 180 በ120 አካባቢ ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም የአንደበት መያዝ ከታየ ሌላ ቀን ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

የሳምንቱን መቀመጥ በእሑድ ሩጫ አካክሳለሁ ማለትም የተለመደ ነው። የእሑዱ ሩጫ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የተሠራ እንቅስቃሴ ግፊትን ዝቅ የሚያደርገው ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለአንድ ቀን ያህል ስለሆነ፣ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ለተለያዩ ቀናት ቢከፋፈል ይበልጥ ይጠቅማል። ከሰርቪስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ስልክ ሲያወሩ መቆም፣ ለባልደረባ መልእክት ከመላክ ይልቅ ጠረጴዛው ድረስ መሄድ ገንዘብ አያስወጣም።

«እኔ ጨው አልጨምርም» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ገበታው ጨው ብቻ ነው። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ ጨው ሊገባባቸው ይችላል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመርበታል፤ ዳቦው፣ ሳምቡሳውና ሚጥሚጣውም የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚመከረው የቀን መጠን ከ5 ግራም በታች ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። «የጾም ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለው አስተሳሰብም በጨው ረገድ አይሠራም።

በመድኃኒት በኩል ደግሞ ቢሮ የሚውል ሰው የሚወድቅበት የራሱ ወጥመድ አለ። ብዙ ሲቀመጥ ወገቡን ያመዋል፤ ወገቡን ሲያመው ፋርማሲ ገብቶ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል፤ እነዚህ ግን ግፊትን ከፍ ሊያደርጉና እንደ ኢናላፕሪል ያሉትን የግፊት መድኃኒቶች ኃይል ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለዚህ ለፋርማሲ ባለሙያው አስቀድሞ «ግፊት አለብኝ» ማለት ያስፈልጋል።

ልኬቱ 120 በ80 ሲሆን «ድኛለሁ» ብሎ ክኒን ማቆምም ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ ቁጥሩ የተስተካከለው በክኒኑ ነውና ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ በሌላ እንዲቀይር መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ፣ ይባስ ብሎም የባልደረባን ክኒን መበደር አይገባም። ኢናላፕሪል ጽንስን ስለሚጎዳ እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ለሐኪሟ መናገር አለባት። በጾም ምክንያት የጠዋቱን ክኒን የሚዘሉም አሉ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ በመሆናቸው ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዛውርላቸው ይችላል። ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት በምግብነታቸው መልካም ናቸው፤ የታዘዘ መድኃኒትን ግን አይተኩም።

የቀረው ስህተት ሐኪም ዘንድ ባዶ እጅ መሄድ ነው። ቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ሰው ለሰባት ቀናት ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ተለክቶ መጻፍ ይችላል፤ የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የተቀረው አማካይ ሲወጣ፣ በቤት ልኬት 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ያ የሒሳብ ሠራተኛ በሳምንቱ ወደ ክሊኒኩ ሲመለስ እንደ ሙያው ቀን፣ ሰዓት፣ የላይኛውንና የታችኛውን በአራት ዓምድ ጽፎ፣ ከግርጌው አማካዩን ደምሮና አካፍሎ ይዞ ነበር፤ 138 በ87።