መኪናዎን የውድድር ትራክ ላይ ከመንዳትዎ በፊት ኢንሹራንስዎን እንዴት ይፈትሹ?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር መኪና ወዳድ በዌስት ቨርጂኒያ ባለው ሰሚት ፖይንት ወይም በቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ በተባሉት የመኪና መወዳደሪያ ስፍራዎች (ትራኮች) ተመዝግቦ የራሱን መኪና በፍጥነት መንዳት ይችላል። እንዲህ ያለው የትራክ ቀን ሰዓት የማይያዝበት፣ አሸናፊም የሌለበት፣ ጀማሪ ከአሠልጣኝ ጋር የሚነዳበት በመሆኑ ብዙዎች «ውድድር እስካልሆነ ድረስ ኢንሹራንሴ ይከፍላል» ብለው ይገባሉ።

ይህን ለማረጋገጥ የፖሊሲዎን ሙሉ ቅጂ ያውጡ፤ የፊት ገጹ ማጠቃለያ አይበቃም። በመኪናው ላይ ስለሚደርስ ጉዳት በሚናገረው ክፍል ሥር ኩባንያው የማይከፍልባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። የቆዩ ፖሊሲዎች በብዛት የሚከለክሉት ለውድድር በተሠራ ስፍራ ውስጥ መወዳደርን ወይም ለውድድር መለማመድን ስለነበር ለሥልጠና የገባ ሰው የሚከራከርበት ቀዳዳ ነበረው። ብዙ ኩባንያዎች መነሻ የሚያደርጉት የኢንሹራንስ ውል ናሙናዎችን የሚያዘጋጀው የአይኤስኦ መደበኛ ፖሊሲ እ.ኤ.አ. የ2018 እትም ግን የመንዳት ችሎታ ሥልጠናንም ጨምሮ ስለከለከለ ቀዳዳው ተደፍኗል። አንዳንዶቹ ደግሞ ዓላማውን ሳይጠይቁ ትራክ ውስጥ የደረሰን ጉዳት ሁሉ ያስቀራሉ። በፖሊሲው መጨረሻ የተያያዙት ማሻሻያዎች ዋናውን ጽሑፍ ሊሽሩ ስለሚችሉ እነሱም መነበብ አለባቸው። የፖሊሲው ቃል ግልጽ ካልሆነልዎ ኤጀንትዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በስልክ የተሰጠ «ችግር የለም» ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ማስረጃ አይሆንም።

መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ቢል የባንኩ ዕዳ እንዳለ ይቀጥላል፤ በመኪናው ዋጋና በቀሪው ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚከፍለው ጋፕ የሚባለውም ሽፋን ዋናው ኢንሹራንስ ካልከፈለ በአብዛኛው አይከፍልም። በእኔ እምነት ዕዳ ያለበትን መኪና ያለ ሽፋን ትራክ ላይ ማውጣት ድፍረት ሳይሆን ግድ የለሽነት ነው።

መፍትሔው ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚገዛ የትራክ ቀን ኢንሹራንስ ሲሆን፣ እንደ ሃገርቲና ሎክተን ያሉ ድርጅቶች ይሸጡታል። ሲገዙ የመኪናውን ዋጋ አስቀድመው ይስማማሉ፤ አረቦኑም በዚሁ ዋጋ ላይ ይመሠረታል። ስለዚህ ጎማና ፍሬን የመሳሰሉ የጨመሯቸውን ዕቃዎች ዋጋ አብረው ያስቡ። ከኪስ የሚወጣው ዲዳክቲብል ብዙ ጊዜ በመቶኛ ስለሚሰላ፣ በ40,000 ዶላር የተመዘገበ መኪና 10 በመቶ ቢሆን የመጀመሪያውን 4,000 ዶላር የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። መከላከያና መብራት ብቻ ከተሰበረ ምናልባት ምንም አያገኙም። ሞተሩ ያለ ግጭት በራሱ ቢበላሽ ወይም ዝግጅቱ ሰዓት የሚያዝበት ቢሆን ይህም ሽፋን በአብዛኛው አይሠራም። መኪናውን ሌላ ሰው የሚነዳ ከሆነ ስሙ በውሉ መግባቱን ያረጋግጡ።

ከተጋጩ በኋላ አደጋውን አውራ ጎዳና ላይ እንደደረሰ አድርጎ ማመልከት ማጭበርበር ነው፤ በወንጀልም ያስጠይቃል።

የአንድ ቀኑ ኢንሹራንስ በተለምዶ የእርስዎን መኪና እንጂ የሌላውን ሰው መኪናም ሆነ የትራኩን ንብረት አይሸፍንም። ስለዚህ በር ላይ የሚፈርሙትን ቅጽ ያንብቡ፤ የተጎዳ የብረት አጥር ወይም አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ማጽጃ ሂሳቡ ለአሽከርካሪው እንደሚላክ የተጻፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።