ቾክ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር፦ ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ችግርና መፍትሄ

ይህን የጻፍኩት ለዓመታት ጥግ ይዞ ለቆመና አሁን እቤት ጋራዥ ውስጥ ነፍስ ሊዘራበት ለተጀመረ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። ቤንዚኑ አዲስ መሆኑን፣ ባትሪው መሞላቱን፣ ካንዴላው እሳት መስጠቱን፣ ማጥፊያው ቁልፍ አለመዘጋቱን አይታችኋል ብዬ እነሳለሁ። ዘይትም ቀይራችኋል። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ውስጥ አይጥ ጎጆ አለመሥራቷንም አረጋግጣችኋል። እዚህ የምናየው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። አንዱ ችግር ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ስለሚደጋገም አብዛኛውን ቦታ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ምልክት፦ ቾክ ተስቦ ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል

ሞተሩ በቾክ፣ ማለትም ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን በሚያበዛው ማንሻ፣ ቶሎ ይነሳል። ደስ ይላችኋል። ትንሽ ሞቅ ሲል ቾኩን ስትመልሱት ትንፋሽ አጥሮት ይጠፋል። ጋዝ ይዛችሁ ከቆያችሁ ይሠራል፤ እጃችሁን ስትለቁ ጸጥ። ሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይነካ በዝግታ መሥራት፣ የሚባል ነገር የለውም። አንዳንዱ ጋዝ ሲለቀቅለት በማርሚታው በኩል ይተኩሳል።

ወራት ቆሞ የነበረ ሞተር ይህን ካሳየ ሌላ ምንም ከመጠርጠሬ በፊት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አወርዳለሁ። የሚኒሞው ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ፣ ተደፍኗል።

ምክንያቱን መረዳት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሞተሩ ከሚኒሞ ጀምሮ ጋዙ ሩብ ገደማ እስኪከፈት ድረስ በዋናነት የሚጠጣው በሚኒሞ ጂግለር በኩል ነው። ከዚያ በላይ ከጋዙ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው መርፌ ይረከባል፤ ጋዙ ጨርሶ ሲከፈት ደግሞ ዋናው ጂግለር ይወስናል። የሚኒሞው ጂግለር ቀዳዳ በአብዛኞቹ አሮጌ ሞተሮች ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። 0.35 ወይም 0.40 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። ቤንዚን ካርቡራተር ውስጥ ሲከርም ቀላሉ ክፍል ይተንና ቡኒ ሙጫ ይቀራል። ሙጫው መጀመሪያ የሚዘጋው ጠባቡን መንገድ ነው። ቤንዚኑ ኤታኖል ከነበረበት ደግሞ ውሃ ይስባል፤ አሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት ይጋገራል። ቾክ ሲሳብ የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ በሌላ መንገድ ስለሚወፍር (ቤንዚኑ ስለሚበዛ) ሞተሩ ይነሳል። ለዚህ ነው ሰው ካርቡራተሩን ነፃ አድርጎ ሌላ ነገር ማሳደድ የሚጀምረው።

አንድ ወዳጄ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሩን ይዞ የመጣው ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ኮንደንሰርና ባትሪ ለውጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች በካርቶን ተሞልተው አብረው መጡ። አንዳቸውም አልተበላሹም ነበር። ካርቡራተሩ ግን ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አልተከፈተም፤ ቤንዚን የሚጠራቀምበት የታችኛው ሳህን ብሎኖች ላይ የካቻቢቴ ጭረት እንኳ አልነበረም። ሳህኑ ሲወርድ ወለሉ ላይ የደረቀ ቡኒ ቅርፊት ተጋግሮ ነበር። የሚኒሞው ጂግለር ወደ መብራት ሲያዝ ምንም ብርሃን አያሳልፍም። ጸድቶ ሲገጠም ሞተሩ ያለ ቾክ ቆሞ ሠራ። አዲሱ ባትሪና አዲሱ ቦቢና ምንም ሥራ አልነበራቸውም።

ባለ ብዙ ሲሊንደር ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ያታልላል። ሆንዳ ሲቢ750 እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ ለአራቱ ሲሊንደሮች አራት ካርቡራተር ይዞ ነው። ከአራቱ የአንዱ ወይም የሁለቱ ሚኒሞ ሲደፈን ሞተሩ አይጠፋም፤ ይንገዳገዳል። ጋዝ ሲሰጠው ሁሉም ስለሚሠሩ ጤነኛ ይመስላል። የዚህ ዓይነት ሞተር ባለቤት «ሞተሩ አልቆለታል፣ የፒስተን ፋሻ በልቷል» ተብሎ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ራስ) ሊያስወርድ ብሎኖቹን ዘይት ቀብቶ ሲጠብቅ አግኝቼዋለሁ። የኮምፕሬሽን መለኪያ ማንም አልገጠመለትም። ስንለካው አራቱም እኩል ነበሩ። ሞተሩን አስነስተን ከሲሊንደሮቹ በሚወጡት የጭስ ቱቦዎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ውሃ አደረግን። ሁለቱ ላይ ውሃው ቶሎ ተንጫጭቶ ጠፋ፤ ሁለቱ ላይ ጠብታው እንደነበረ ተቀመጠ። የቀዘቀዙት የትኞቹ እንደሆኑ ካወቃችሁ የትኛው ካርቡራተር እንደተደፈነ አወቃችሁ። እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ ሞተር አታውርዱ።

አጸዳዱ

መጀመሪያ ካቻቢቴው። የጃፓን አሮጌ ሞተሮች ላይ ያሉት ባለ መስቀል ብሎኖች የራሳቸው የጃፓን ቅርጽ አላቸው፤ ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ላይ ትንሽ ነጥብ ይታያል። ተራው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ወደ ታች ገብቶ አይቀመጥላቸውም፤ እየተንሸራተተ ይወጣና ጭንቅላታቸውን ይበላዋል። ልክ የሆነው ካቻቢቴ አይወደድም። ጭንቅላቱ የተበላ ብሎን ማውጣት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የሚኒሞው ጂግለር ብዙ ጊዜ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ነው የሚቀመጥ። ከነሐስ የተሠራ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ፣ የጂግለሩንም መሰንጠቂያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ካቻቢቴ ከሌላችሁ አንዱን ሞርዳችሁ አስተካክሉ። በቀጭን ካቻቢቴ አትታገሉት። እምቢ ካለ ማጽጃ ረጭታችሁ እስኪለሰልስ ተዉት፤ አካሉን ትንሽ ማሞቅም ይረዳል። እሳት ግን አይደለም፣ ሙቅ አየር ብቻ፤ እሱም ቤንዚኑና ማጽጃው ጨርሰው ከደረቁ በኋላ።

ጂግለሩ ሲወጣ ማጽጃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፤ የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ካላችሁ የተሻለ። ከዚያ ከሚተጣጠፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ አንዷን የመዳብ ክር መዝዛችሁ አሳልፏት። መዳብ ከነሐስ ይለሰልሳል። የብረት ሽቦ፣ የልብስ መርፌ፣ የጊታር ክር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጭን የመሰርሰሪያ ምላስ አታስገቡ። በመቶኛ ሚሊሜትር የተለካ ቀዳዳ ነው፤ አንዴ ከሰፋ የሚመለስበት መንገድ የለም።

አሁን ጂግለሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ መብራት አቅኑት። መታየት ያለበት ክብ፣ ጠርዙ የሰላ የብርሃን ነጥብ ነው። ነጥቡ ጎኑ የተበላ ወይም ዳሩ የደበዘዘ ከሆነ ሙጫው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ብርሃን ማለፉ ብቻ ጸድቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ጂግለሩ ጸድቶም ችግሩ ካልሄደ መንገዱ ነው የተደፈነው። የሚኒሞው መስመር በካርቡራተሩ አካል ውስጥ አልፎ በጋዙ መዝጊያ አጠገብ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል። ካርቡራተሩን ደጋግሞ አውርዶ ደጋግሞ ጂግለሩን ብቻ አጽድቶ የሚገጥም ሰው አውቃለሁ። ሁልጊዜ የሚቀረው እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው። የድብልቅ ማስተካከያዋን ትንሽ ብሎን አውጥታችሁ በሷ ቀዳዳ ማጽጃ ንፉ፤ በሁሉም መውጫ እኩል መፍሰሱን በዓይናችሁ እዩ። መነጽር ሳታደርጉ ይህን አትሞክሩ። ማጽጃው ባልጠበቃችሁት ቀዳዳ ተመልሶ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። መስኮትና በር ይከፈት። ሲጋራ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍንጣሪ የሚያወጣ መፍጫ አጠገባችሁ አይኑር።

የድብልቅ ብሎኗን ከማውጣታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አስገቧትና ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉ። አጥብቃችሁ አትጫኗት፤ ጫፏ የሾለ ስለሆነ መቀመጫዋን ትሰነጥቃለች። ከሥሯ ስፕሪንግ፣ ስስ ቀለበትና ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አሉ። ኦሪንጉ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ በአየር ስትነፉት ተስፈንጥሮ ይጠፋል። በጣታችሁ ሸፍኑት። የዙሩ ልክ ከጠፋባችሁ እስከ መጨረሻው ካስገባችኋት በኋላ አንድ ዙር ተኩል መልሳችሁ ጀምሩ። ብሎኗ በሞተሩ በኩል ካለች ሲያጠብቋት ድብልቁ ይሳሳል። በአየር ማጣሪያው በኩል ካለች ግን ተቃራኒው ነው፤ ሲያጠብቋት ይወፍራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፍጥነቱ ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ በትልቁ የሚኒሞ ብሎን ወደ ልኩ መልሱት።

ካርቡራተሩ መዝጊያው በኬብል ሳይሆን ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ክፍተት ግፊት የሚነሳ ዓይነት ከሆነ ላዩ ላይ ስስ የጎማ ሽፋን አለው። ማጽጃም የኮምፕረሰር አየርም ከመንካታቸው በፊት ይውጣ። ማጽጃው ያሳብጠዋል፣ አየሩ ይቀደዋል። ሽፋኑን ማግኘት ለአንዳንድ አሮጌ ሞተር ከባድ ነው።

ስለ ርካሽ የካርቡራተር ጥገና ዕቃም ልናገር፤ ልቤን ያቃጥለኛል። ሙሉ ዕቃው በአንድ ፓኬት ይመጣል፦ ጂግለሮች፣ መርፌ፣ ኦሪንግ፣ ጓርኒሽን (ማሸጊያ)። ጂግለሮቹ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የቀዳዳው ስፋት ሳይገናኝ አግኝቻለሁ። መርፌው ከፋብሪካው መርፌ ርዝመቱ የተለየ ሆኖም አግኝቻለሁ። ከዚያ ሰውየው «አጽድቼው፣ ሁሉንም አዲስ አድርጌው ባሰበት» ይላል። ከፓኬቱ ጎማውንና ጓርኒሽኑን ውሰዱ። ነሐሱን የድሮውን አጽድታችሁ መልሱ። የድሮ ጂግለር በጭራሽ አይጣል።

ምልክት፦ ጸድቶ ደህና ሠራ፣ በሳምንቱ ያው ችግር

ታንኩ ውስጥ እዩ፤ ዝገት ነው። በካርቡራተሩ ሳህን ውስጥ ቀይ ደቃቅ አሸዋ ካያችሁ ጥርጣሬ የለም። ማጣሪያ መግጠም ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሄ አይደለም። ታንኩን አውርዱ፣ የቤንዚን መዝጊያውን ፍቱ፣ በሞቀ ውሃ የሟሟ ሲትሪክ አሲድ ሞልታችሁ አሳድሩት። ሲደፋ በውሃ አጥባችሁ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አሲዱን ግደሉት፣ ወዲያው በሙቅ አየር አድርቁት። እርጥብ ሆኖ ካደረ በማግስቱ አዲስ ዝገት ታገኛላችሁ። ደርቆ ሲያልቅ ቤንዚን ከትንሽ ዘይት ጋር አዙሩበት። ዝገቱ ሳይጠራ ከላዩ የሚቀባ መሸፈኛ አትጠቀሙ፤ በኋላ እንደ ቅርፊት እየተላጠ መስመሩን ይደፍናል።

ታንኩ ተበስቶ ከሆነ ራሳችሁ አትበይዱት። ባዶ የመሰለ ታንክ ውስጥ ያለው የቤንዚን ትነት ይፈነዳል። ሰው ገድሏል።

ምልክት፦ ሚኒሞው ጥሩ ነው፣ መሃል ጋዝ ላይ ያንቃል

ይህ በሽታ ሞተር ሲያሳምሩ የሚመጣ ነው። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ተነቅሎ በየካርቡራተሩ ላይ ትንንሽ ክብ ማጣሪያ ይገጠማል፤ ማርሚታው ይከፈታል ወይም ያጥራል። ያምራል፣ አልክድም። ግን አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ ባለበት ቀረ። በክፍተት ግፊት የሚነሱት ካርቡራተሮች ደግሞ የሳጥኑን ጸጥ ያለ አየር ታሳቢ አድርገው ነው የተሠሩት። አንዳንዱ ክብ ማጣሪያ ከንፈሩ ወፍራም ስለሆነ የካርቡራተሩ አፍ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ይሸፍናቸዋል፤ መጀመሪያ ያንን ተመልከቱ። ቀጥሎ መርፌውን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግና ዋናውን ጂግለር ማሳደግ፣ በየደረጃው ካንዴላውን እያወጡ ቀለሙን ማየት ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ እንዲያ ሆኖ አትንዱት፣ ፒስተን ይበሳል። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሳጥኑን ይመልሰው።

ምልክት፦ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ወይም የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ይሸታል

በሳህኑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ የሚዘጋበት መርፌ አይዘጋም። ጫፉ ተበልቷል ወይም ቆሻሻ ይዟል። የዘይቱ መጠን ከፍ ብሎ ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ። ዘይቱ ስለቀጠነ ኩሽኔታ ይበላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ተጠራቅሞ ከሆነ ደግሞ ፈሳሽ አይታመቅምና ፒስተኑን የሚይዘውን ቢየላ ያጣምመዋል። ካንዴላውን አውጥታችሁ በእጅ አዙሩት፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ከዚያ መርፌውን።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፣ የታንኩ ክዳን ሲከፈት አየር ይስባል፣ ከዚያ ይነሳል፦ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ፑንቲናው (እሳቱን የሚያቋርጠው መገናኛ) ላይ ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ አለ፦ ኮንደንሰር። የፑንቲናውንም ክፍተት እዩ፤ ብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ።

ጋዝ ተለቆ ፍጥነቱ አይወርድም፦ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቋል። በሲሊኮን አትለጥፉት፣ ቤንዚን ይበላዋል።

ፍሪሲዮን ተይዞ ማርሽ ሲገባ ሞተር ሳይክሉ ይዘላል፦ ሸራዎቹ ተጣብቀዋል። የፍሪሲዮኑን እጀታ እንደተያዘ አስራችሁ አሳድሩት።

ባትሪ አይሞላም፦ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላነበባችሁ፣ መጀመሪያ አረንጓዴ የሆኑትን የሽቦ መጋጠሚያዎች አጽዱ።

የፊት ፍሬን ይዞ ይቀራል፦ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ጥቃቅን የመመለሻ ቀዳዳ ተደፍናለች። አጽዱት፣ የፍሬኑን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። ዶት 5 የተባለውን ከዶት 4 ጋር አትቀላቅሉ። ዶት 4 አዲስ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ያነሳዋል፤ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

ጎማ፦ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 0915 ማለት በ2015 እ.ኤ.አ. 9ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካያችሁ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ጥርሱ ምንም አዲስ ቢመስል አትንዱበት።